ለገበታው በሙሉ የሚታዘዝ ምግብ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ወደዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ ዘመናዊ የእስያ ምግብ ቤት ገብቶ፣ ምግቡ ለእያንዳንዱ ተመጋቢ ለየብቻ ሳይሆን ለገበታው በሙሉ በአንድነት ሲቀርብ እንዴት ማዘዝ፣ እንዴት መመገብና እንዴት መክፈል ይገባል የሚል ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋህደን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን ሰባቱን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስድስት ሆነን ወደ አንድ ዘመናዊ የእስያ ምግብ ቤት ሄደን ነበር። አስተናጋጁ «ምግቦቻችን ለመጋራት የተዘጋጁ ናቸው» ብሎ ቢነግረንም፣ ነገሩን ልብ ሳንለው እያንዳንዳችን የየራሳችንን መርጠን አዘዝን። የአንዱ ምግብ በአሥር ደቂቃ ሲደርስ የሌላው አርባ ደቂቃ ቆየ፤ አራታችን የተጠበሰ ነገር በማዘዛችን ገበታው ሁሉ ዘይት ዘይት አለ፤ ሩዝ ያዘዘ ሰው አልነበረም፤ አንዲት ባልደረባችን የደረሷት ሦስት ትንንሽ ዱምፕሊንጎች (በቀጭን ሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ወይም አትክልት) ብቻ ስለነበሩ ሳትጠግብ ወደ ቤቷ ሄደች። በሚቀጥለው ወር ጋባዡ እኔ ነኝ። ለስድስት ሰው ስንት ዓይነት ምግብ፣ በምን ቅደም ተከተል ልዘዝ? መ. ተ.

መልስ፦ የደረሰባችሁ ነገር ከማንም ጥፋት ይልቅ የሁለት አሠራሮች አለመጣጣም ያመጣው ነው። እያንዳንዱ እንግዳ የራሱን ሰሃን አዝዞ፣ ምግቡ ከመጀመሪያው እስከ ጣፋጩ በተራ በተራ የሚቀርብበት አሠራር በአውሮፓ ሥር የሰደደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በዚያም ቢሆን በትልልቅ ግብዣዎች ላይ ብዙ ሰሃን በአንድ ጊዜ ይደረደር ነበር። በቻይና፣ በኮሪያ፣ በታይላንድና በቬትናም ግን እስከ ዛሬ ድረስ በዘወትሩ ማዕድ ሩዙ ለእያንዳንዱ ሰው በየሳህኑ፣ ማባያው ደግሞ ለሁሉም መሐል ላይ ይቀርባል። ዘመናዊ የሚባሉት ቤቶች ይህንኑ ልማድ ወስደው ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጣ ቅመምና የአበሳሰል ዘዴ ጨምረውበታል። ጃፓናዊው የምግብ ባለሙያ ኖቡዩኪ ማትሱሂሳ በፔሩ ሲሠራ ያወቃቸውን ቅመሞች ከጃፓን አሠራር ጋር በማዋሐድ ዝናን ያተረፈበትና እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ የተከፈተው ኖቡ፣ እንዲሁም ዴቪድ ቻንግ በዚያው ከተማ በ2004 የከፈተው ሞሞፉኩ ኑድል ባር፣ ይህ ዓይነቱ ቤት በዓለም ዙሪያ እንዲለመድ ብዙ አድርገዋል። በእነዚህ ቤቶች ወጥ ቤቱ የሚሠራው ለገበታ እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። የእንፋሎቱ፣ የመጥበሻውና የፍሙ ክፍል እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሠራል፤ የደረሰውም ምግብ ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ይወጣል። የአንዱ ምግብ በአሥር ደቂቃ፣ የሌላው በአርባ ደቂቃ መምጣቱ ለጋራ ገበታ ምንም ችግር የለውም፤ ችግር የሚሆነው ሰሃኑ «የእኔ ነው» ተብሎ ሲጠበቅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ትእዛዙን የሚሰጠው አንድ ሰው እንዲሆን ማድረግ ነው፤ በእርስዎ ግብዣ ደግሞ ያ ሰው እርስዎ ነዎት። ይህ ማለት ግን ሌሎቹን ሳይጠይቁ መምረጥ አይደለም። ሜኑው ከመከፈቱ በፊት ለእያንዳንዱ እንግዳ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የማይበላው ነገር ምንድን ነው፣ ሳይቀምሰው መሄድ የማይፈልገውስ ምንድን ነው? ከሁለቱ የመጀመሪያው ይበልጣል። ዝምተኛ ሰው የሚወደውን ተጠይቆ «ሁሉም ጥሩ ነው» ይላል፤ የማይበላውን ሲጠየቅ ግን እውነቱን ይናገራል።

ብዛቱን በተመለከተ ሰሃኖቹ ምን ያህል እንደሚሆኑ አስተናጋጁን ሳይጠይቁ መቁጠር አይቻልም። ትንንሽ ሰሃን ብቻ በሚያቀርብ ቤት ለአንድ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሰሃን ያስፈልጋል፤ ትልልቅ ሰሃን በሚያቀርብ ቤት ደግሞ ከሩዙ ሌላ በሰው ልክ፣ ወይም በሰው ልክ ላይ አንድ ጨምሮ ማዘዝ ይበቃል። አብዛኞቹ ዘመናዊ ቤቶች ሁለቱን ስለሚቀላቅሉ፣ እኔ ለስድስት ሰው አራት ዓይነት ትንሽ፣ አራት ዓይነት ትልቅ፣ አንድ የአትክልት ሰሃንና ለሁሉም ሩዝ አዝዝ ነበር። እዚህ ላይ ባልደረባዎን የጎዳቸውን ነገር ልብ ይበሉ፦ ዱምፕሊንግና የመሳሰሉት በፍሬ የሚቆጠሩ ምግቦች ብዙውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ፍሬ ይቀርባሉ። ለስድስት ሰው የባለ ሦስቱን ሰሃን ሁለት ማዘዝ፣ ወይም ወጥ ቤቱ ፍሬ መጨመር ይችል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ቤቶች ሲጠየቁ ይጨምራሉ፣ ሒሳቡንም በዚያው ልክ ያስተካክላሉ።

ከብዛቱ ይልቅ ምርጫውን የሚያሳምረው የአበሳሰሉ መለያየት ነው። አንድ በእንፋሎት የበሰለ፣ አንድ የተጠበሰ፣ አንድ በፍም የተለበለበ፣ አንድ መረቅ ያለው፣ አንድ ደግሞ ጥሬ አትክልት ያለበት ኮምጣጣ ሰላጣ ካለ ገበታው ራሱን ያግዛል፤ ኮምጣጣው የጥብሱን ቅባት ያነሳል፣ በእንፋሎት የበሰለው ዓሣ የቅመሙን ኃይል ያረግባል፣ ሩዙም መረቁን ይጠጣል። ሁለት ሰሃን በአንድ ዓይነት ሶስ እንዳይመጡብዎም ይጠንቀቁ። በሜኑው ላይ ስማቸው ቢለያይም በጣፋጭ ሶያ ሶስ የተለበጠ ዶሮና በጣፋጭ ሶያ ሶስ የተለበጠ የበሬ ሥጋ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ አንድ ምግብ ይሆናሉ። ይህን ከሜኑው ጽሑፍ ማወቅ ስለሚያስቸግር፣ የመረጡትን ለአስተናጋጁ ጮክ ብለው አንብበው «ከእነዚህ መካከል የሚመሳሰል አለ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያድናል።

ቅደም ተከተሉን ሳይናገሩ ዝም ካሉ ሁሉም ሰሃን በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሊከማች ይችላል፤ ያኔ ግማሹ ይቀዘቅዛል። «መጀመሪያ ቀዝቃዛውንና ጥሬውን፣ ቀጥሎ ዱምፕሊንጉንና ጥብሱን፣ በመጨረሻ ትልልቆቹን ከሩዙ ጋር» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ሩዙን መቼ እንደሚፈልጉት ለይተው መናገርዎን አይርሱ፤ በቻይናውያን ግብዣ ሩዝ ወደ መጨረሻው የሚመጣ ሲሆን፣ በታይላንድ ማዕድ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይቀርባል፣ ምግብ ቤቱም የትኛውን እንደሚከተል አይታወቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይዘዙ። የታሰበውን ሁለት ሦስተኛ ያህል አዝዘው ሜኑውን ገበታው ላይ ያስቀሩት። ሰሃኖቹ መጠናቸውን ካሳዩ በኋላ አንድ ሁለት መጨመር ቀላል ነው፤ የታዘዘውን መመለስ ግን አይቻልም።

ስለ አቀማመጡም አንድ ነገር ልጨምር። ስድስት ሰው በረጅም ጠረጴዛ ሲቀመጥ፣ መሐል ያሉት ሁለቱ ሁሉንም ሲደርሱበት ዳር ያሉት ግን የሚበሉት በሌላው በጎ ፈቃድ ነው። ክብ ጠረጴዛ ካለ በስልክ ቦታ ሲያስይዙ ይጠይቁ። በቻይና ምግብ ቤቶች የምናየው መሐል ላይ የሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ ለዚህ በጣም ይመቻል። በማንቹሪያ እ.ኤ.አ. በ1910ና በ1911 የተነሳውን የሳንባ ወረርሽኝ በመቆጣጠር የሚታወቁት ሐኪም ዉ ሊየን ቴ፣ ሰዎች ከአንድ ሰሃን በየራሳቸው ቾፕስቲክ (ምግብ የሚነሳባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች) መብላታቸው በሽታ ያስተላልፋል ብለው ስለሰጉ፣ እያንዳንዱ ሰሃን የራሱ ማንሻ ኖሮት በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ እንዲቀርብ በ1910ዎቹ አጥብቀው ይመክሩ ነበር። ሰሌዳው ከሌለ፣ ሰሃን በመጣ ቁጥር ዳር ካሉት እንዲጀምር ማድረግ የጋባዡ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ በቾፕስቲክ መብላት አልችልም። ሹካ መጠየቅ ነውር ይሆን? ደግሞም መሐል ካለው ሰሃን በራሴው ቾፕስቲክ ማንሳት ይፈቀዳል? አንድ ጊዜ ደግሞ ውስጡ መረቅ ያለበት ዱምፕሊንግ ስቆርሰው ሸሚዜ ላይ ፈስሶብኛል። ብ. አ.

መልስ፦ ሹካ መጠየቅ ፈጽሞ ነውር አይደለም። እንዲያውም በታይላንድ ሰዎች በዘወትር ምግባቸው የሚጠቀሙት ማንኪያና ሹካ ነው፤ ማንኪያው በቀኝ እጅ ይያዝና ወደ አፍ ይሄዳል፣ ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል፣ ቾፕስቲክ የሚነሳው በአብዛኛው ለኑድል ነው። ኮሪያውያን ሩዛቸውንና ሾርባቸውን በማንኪያ ይበላሉ፤ ሱሺን ደግሞ ጃፓናውያን ራሳቸው በእጃቸው ያነሱታል። በቾፕስቲክ መለማመድ ከፈለጉ ጠንከር ካለ ነገር ይጀምሩ፤ የሚያዳልጥ ኑድል ወይም ለስላሳ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ለጀማሪ ፈታኝ ነው።

መሐል ካለው ሰሃን ለማንሳት ግን የጋራ ማንሻ ይጠይቁ። በቻይናም ሆነ በጃፓን ለዚሁ ብቻ የተለየ ቾፕስቲክ አለ፤ ብዙ ዘመናዊ ቤቶችም በየሰሃኑ ማንኪያ አድርገው ያቀርባሉ። አንዳንድ ሰዎች የራሳቸውን ቾፕስቲክ ገልብጠው በኋላው ጫፍ ያነሳሉ፤ ይሁንና ያ ጫፍ እጅ የነካው ስለሆነ በጃፓን እንደ መልካም ሥነ ምግባር አይታይም። ሁለት ነገሮችን ደግሞ ከአክብሮት የተነሳ ማስወገድ ይገባል። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ለሙታን የሚቀርበውን ዕጣንና ሩዝ ያስታውሳል፤ ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀባበል ደግሞ ጃፓናውያን ከአስከሬን ቃጠሎ በኋላ የዘመዳቸውን አጥንት የሚያነሱበትን ሥርዓት ይመስላል። ለሌላ ሰው ማቅረብ ሲፈልጉ በሰሃኑ ላይ ያኑሩለት።

ሸሚዝዎን ያበላሸው ዱምፕሊንግ ሻንጋይ ውስጥ የታወቀው ሺያው ሎንግ ባው ይመስለኛል። መረቁ ሊጡ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ አልገባም፤ ከአጥንትና ከቆዳ ተቀቅሎ፣ በቅዝቃዜ እንደ ጄሊ የረጋ መረቅ ተከትፎ ከሥጋው ጋር ይጠቀለላል፣ በእንፋሎቱ ሙቀት ደግሞ ይቀልጣል። ስለዚህ ፍሬውን ከላይ ከተሰበሰበው ሊጥ በቀስታ አንስተው ሰፋ ባለ ማንኪያ ላይ ያሳርፉት። ጎኑን በጥርስዎ ጫፍ ትንሽ ብቻ ይብሱት፤ ቀጭን እንፋሎት ሲወጣ ያያሉ። ጥቂት ይታገሡ፣ በማንኪያው ላይ የፈሰሰውን መረቅ ይጠጡ፣ ከዚያ በኋላ በቀጭኑ ከተከተፈ ዝንጅብልና ከጥቁር ኮምጣጤ ጋር ቀሪውን በአንድ ጊዜ ይጉረሱት። ከቅርጫቱ ሲያነሱት ሥሩ ተጣብቆ እንዳይቀደድ መጠንቀቅ ነው ዋናው ጥበብ።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጄ ለኦቾሎኒ ከባድ አለርጂ አለባት። ቤተሰቦቻችን ለልደት በዓል ወደ አንድ የእስያ ምግብ ቤት ጋብዘውናል። «እርሷ የምትበላውን ለይተን እናዝዛለን» ይሉኛል። ይህ ይበቃል? የተጨነቀች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጨነቅዎ ተገቢ ነው፤ ለይቶ ማዘዙም ብቻውን አይበቃም። አለርጂ ላለበት ሰው በጋራ በሚበላ ገበታ ላይ የሚያሰጋው ወጥ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ገበታው ራሱ ነው። ኦቾሎኒ ከተነሰነሰበት ሰላጣ የተነሳ ማንኪያ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ልጅዎ ወደምትበላው ሩዝ ይገባል፤ አንዲት አክስትም ከፍቅር የተነሳ ከራሷ ሰሃን አንስታ ታቀርብላታለች። ማንም ክፉ ሳያስብ አደጋው ይደርሳል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ በዚያ ምሽት ኦቾሎኒ ያለበት ምንም ነገር ወደ ገበታው አይምጣ። ለሌሎቹ የሚቀርባቸው አንድ ሁለት ምግብ ነው፤ ለእርሷ ግን ነገሩ የሕይወት ነው። ይህንን ለቤተሰቡ አስቀድመው፣ ከበዓሉ ቀን በፊት ይንገሩ፤ ገበታ ላይ ተቀምጠው ሲናገሩት ልጅቷ ራሷ የሌላውን ደስታ ያበላሸች ይመስላትና ታፍራለች።

ለምግብ ቤቱም አስቀድመው ይደውሉ፤ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት፣ ምሳ ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የሚጠይቁት «ኦቾሎኒ አለበት ወይ?» ብቻ አይሁን። ኦቾሎኒ በታይላንዱ ፓድ ታይ፣ በጥሬ ፓፓያ ሰላጣ፣ በሳቴ ማጥቀሻና ኩንግ ፓው በሚባለው የቻይና ዶሮ ውስጥ የታወቀ ቢሆንም፣ በማጥቀሻዎችና ከላይ በሚነሰነሱ ቅመሞች ውስጥ ሳይታይም ይኖራል። ስለዚህ አንድ መጥበሻ ለብዙ ምግብ ሳይታጠብ ይሠራበት እንደሆነ፣ የሚጠቀሙት የመጥበሻ ዘይት የምን እንደሆነና ለልጅዎ በተለየ ዕቃ ማብሰል ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። የጥብስ ዘይት በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፤ በአንድ ጥልቅ ዘይት ውስጥ ሽሪምፑም፣ አትክልቱም፣ ዱምፕሊንጉም እየተፈራረቀ ይጠበሳል። መልሱ «ይመስለኛል» ከሆነ፣ ወይም ስልኩን ያነሳው ሰው ወጥ ቤቱን ሳይጠይቅ «ችግር የለም» ካለ፣ ሌላ ቤት ይምረጡ። «ዋስትና መስጠት አንችልም» የሚል ቤት እውነተኛ ነውና አይቀየሙት።

ገበታው ላይ የልጅዎ ምግብ ከሁሉም ቀድሞ፣ ማንም ሳይነካው በሰሃኗ ይቀመጥ፤ የራሷም ማንሻ ይኑራት። ሐኪሟ ያዘዘላት የአድሬናሊን መርፌ ካለ መኪና ውስጥ ሳይሆን በእጅዎ ቦርሳ ውስጥ፣ ገበታው ዘንድ ይሁን፤ አጠቃቀሙን ከእርስዎ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ። ከንፈሯ ወይም ምላሷ ካበጠ፣ ድምፅዋ ከጎረነነ ወይም መተንፈስ ካስቸገራት ምልክቱ እስኪበረታ ሳይጠብቁ መርፌውን ሰጥተው ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ሥጋም ዓሣም አልበላም፣ አልኮልም አልቀምስም። በእስያ ምግብ ቤት አትክልት ብዙ ስለሆነ ችግር የለብኝም ብዬ ማሰቤ ትክክል ነው? ሰ. መ.

መልስ፦ በሰሃኑ ላይ የሚታየው አትክልት ሊሆን ይችላል፤ ጣዕሙን የሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ከባሕር የመጣ ነው። የታይላንድና የቬትናም ማዕድ ጨው የሚያገኘው በአብዛኛው ከዓሣ ሶስ ነው። ብዙ የታይላንድ የካሪ ድልሆች በሽሪምፕ ይሠራሉ፤ በኪምቺም (በኮሪያውያን የተቦካ ጎመን) ውስጥ በጨው የታሸ ሽሪምፕ ወይም የዓሣ ሶስ መግባቱ የተለመደ ነው። በቻይና ምግብ ቤት የተጠበሰ አረንጓዴ ቅጠል ላይ የሚፈሰው የሚያብረቀርቅ ሶስ ብዙውን ጊዜ ኦይስተር ከሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚሠራ ኦይስተር ሶስ ሲሆን፣ ንጹሕ የሚመስለው የጃፓን ሚሶ ሾርባ ደግሞ የሚቀቀለው ዳሺ በሚባል መረቅ ነው፤ ዳሺ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር አረምና ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣ ይዘጋጃል። አልኮሉም እንዲሁ ነው፦ ሚሪን የሚባለው የጃፓን ማጣፈጫና ሻውሺንግ የሚባለው የቻይና የሩዝ ወይን ብዙ ሶሶች ውስጥ ይገባሉ።

ስለዚህ «የአትክልት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ይሆናል። «መረቁና ሶሱ ከምን ተሠራ?» ብለው ይጠይቁ። ደግነቱ፣ ዳሺ ከባሕር አረምና ከሺታኬ እንጉዳይ ብቻም ይሠራል፤ ከእንጉዳይ የሚዘጋጅ የኦይስተር ሶስ ምትክም አለ። የባሕር አረሙ ብቻውን ጣዕም እንዳያንሰው አይስጉ። የቶኪዮው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ግሉታሜትን ለይተው «ኡማሚ» የሚል ስም ለጣዕሙ የሰጡት ኮምቡ የሚባለውን ይኸንኑ አረም አፍልተው ነው። ሌሎቹ ተመጋቢዎች ሥጋ ቢያዝዙም፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ሰሃን ለእርስዎ የሚሆን እንዲኖር ከመታዘዙ በፊት ይናገሩ፤ እነዚያም ሰሃኖች ጣፋጭ ስለሆኑ ሌላው ቀድሞ እንዳይጨርሳቸው ድርሻዎን በጊዜ ያንሱ።

ጥያቄ፦ አንድ የሲቹዋን ምግብ በልቼ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ አፌም ነደደ፤ ውኃ ብጠጣም ባሰብኝ። ይህ ሕመም ነው ወይስ የምግቡ ባሕርይ? ዳ. ወ.

መልስ፦ የምግቡ ባሕርይ ነው፤ ቻይናውያን «ማላ» ይሉታል፣ ማደንዘዝና ማቃጠል ማለት ነው። ማቃጠሉ የሚመጣው ከቃሪያና ከበርበሬ ሲሆን፣ በውስጣቸው ያለው ካፕሳይሲን ሙቀት የሚለየውን የነርቭ ጫፍ ስለሚቀሰቅስ አፍ በእውነት የተቃጠለ ይመስለዋል። ማደንዘዙ ደግሞ ሳንሾል የሚባል ንጥረ ነገር ካለው ከሲቹዋን ፔፐር ነው፤ ስሙ ፔፐር ይባል እንጂ የቁንዶ በርበሬም የበርበሬም ዘመድ ሳይሆን ከሎሚና ከብርቱካን ወገን የሆነ ዛፍ የፍሬ ልጣጭ ነው። ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውኃ አይሟሟም፤ ውኃው አልፎ የሚሄደው ማቃጠሉን በአፍ ውስጥ አዳርሶ ነው። ወተት ወይም እርጎ ይሻላል፣ ነጭ ሩዝም ቀስ ብሎ ሲታኘክ ይረዳል።

በጋራ ገበታ ላይ ሲታዘዝ በርበሬው የበረታ ሰሃን ከአንድ ወይም ከሁለት አይብለጥ፤ እርሱም ቢሆን በመጨረሻ ይምጣ። መጀመሪያ ከመጣ ከእርሱ በኋላ የቀረበው ስስ ዓሣና ለስላሳ ቶፉ ለምላስ ምንም አይናገርም። በሰሃኑ ላይ ያሉት ቀያይ ደረቅ በርበሬዎች ደግሞ በአብዛኛው ዘይቱን ለማጣፈጥ የገቡ ናቸውና ወደ ጎን እያሉ ሥጋውን ብቻ ማንሳት የተለመደ ነው። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ያ ማላ አይደለም፤ ወዲያውኑ ሕክምና ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ስንወጣ ሒሳቡ በእኩል ይካፈላል። እኔ መጠጥ አልጠጣም፣ የምበላውም ጥቂት ነው። ነገሩን ባነሳ ስስታም እመስላለሁ ብዬ ዝም እላለሁ፤ አሁን ግን ግብዣውን ራሱን መሸሽ ጀምሬአለሁ። ሀ. ገ.

መልስ፦ ከጓደኞችዎ መራቅ ከጀመሩ ዝምታዎ ከገንዘቡ በላይ እያስከፈለዎት ነው። ምግቡን በእኩል መካፈል በጋራ ገበታ ላይ ተገቢ ይመስለኛል፤ ማን ስንት ቁራሽ እንዳነሳ መቁጠር ከተጀመረ ማንም ተረጋግቶ አይበላም፣ ጥቂት የሚበላውም ሰው ከሁሉም ቀምሷል። መጠጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ምግቡ የጋራ ሲሆን ብርጭቆው የግል ነው፤ ስለዚህ የግሉን የጠጣው ይክፈል ማለት ስስት አይደለም። ለብቻ የታዘዘ፣ ሌላው ያልቀመሰው ውድ ሰሃንም እንዲሁ ለአዛዡ ይቆጠራል።

መናገር ያለብዎት ሒሳቡ ሲመጣ ሳይሆን ትእዛዙ ሲሰጥ ነው። አስተናጋጁ ገና ሜኑ ሲያመጣ «ምግቡ ለሁላችን በአንድ፣ መጠጡ ለየብቻ ይመዝገብልን» ብትሉት ከሁሉም ሰው ምቾት የተነሳ የተባለ ይሆናል፤ በመጨረሻው ሰዓት ወረቀቱ ከተዘረጋ በኋላ ቢነሳ ግን የጠጣው ሰው የተከሰሰ ይመስለዋል። ለመጀመር ከከበደዎት፣ ከጓደኞችዎ መካከል የሚቀርቡትን አንዱን አስቀድመው ይንገሩትና እርሱ ይበለው። የኪስዎ አቅም የተወሰነ በሚሆንበት ወር ደግሞ በነፍስ ወከፍ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ የጋራ ሜኑ ያለበትን ቤት ይምረጡ፤ ብዙ ዘመናዊ ቤቶች እንዲህ ዓይነት ሜኑ ስላላቸው ሁሉም ሰው ከመቀመጡ በፊት የሚከፍለውን ያውቃል።

ጥያቄ፦ በሰሃኑ ላይ አንድ የመጨረሻ ቁራሽ ሲቀር ማንም አያነሳውም፤ ቀዝቅዞ ይሄዳል። ማን ይብላው? ት. ኃ.

መልስ፦ ይህ ቁራሽ በጃፓንም ስም አለው፤ በይሉኝታ ምክንያት የሚቀረውን የመጨረሻ ፍሬ «ኤንርዮ ኖ ካታማሪ» ይሉታል፣ የይሉኝታ ቁራሽ እንደማለት ነው። ጋባዥ ካለ ጋባዡ አንስቶ ከሁሉ ያነሰ በበላው ሰው ሰሃን ላይ ያኑረው፤ ሲነገርም «ማን ይፈልጋል?» ሳይሆን ስሙን ጠርቶ «ይህ ያንተ ነው» ቢባል ይሻላል፣ ለሁሉም የቀረበ ጥያቄ ማንም አይመልሰውምና። ጋባዥ ከሌለ፣ ቁራሹን የሚፈልገው ሰው አስቀድሞ ለጎረቤቱ ያቅርብለት፤ ጎረቤቱ «አልፈልግም» ካለ ሳያፍር ያንሳው። ሁለት ሰው ከፈለገው አስተናጋጁ ቢላዋ ያምጣ። ሺያው ሎንግ ባው ከሆነ ግን ለሁለት አይቆረጥም፣ መረቁ ይፈሳል፤ ሌላ ቅርጫት ይዘዙ።